ለትርንጎ የተላከው አሲድ

ልጅህን አሲድ ትመግባለህ ተብዬ ቀበሌ ቀርቤ አውቃለሁ። አትደንግጡ፤ ልጅቷ ደህና ናት። ዛሬ ከእኔ በአራት ጣት ትረዝማለች፤ ስታናግረኝ ጎንበስ ብላ ነው። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ታቦር ሳለን ነው። ያኔ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ልኮራበት ብዬ አይደለም። ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ትርንጎ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር። መሙላቱን የምናውቀው ግን እኔና እናቷ የሺ ብቻ ነን። ያያት ሁሉ "ዓመት ከመንፈቅ ትሆናለች?" ይላል። አንዳንዱ ጨዋ ደግሞ ዕድሜዋን ስንነግረው "እግዜር ያሳድጋት" ብሎ ዓይኑን ከእኛ ያሸሻል። ከጠያቂዎቹ ሁሉ የሚያመኝ እሱ ነበር። ልጅቷ ምግብ አትወድም። እናቷ አንድ ጉርሻ ካጎረሰቻት እሱኑ በአንድ ጉንጯ ይዛ ከጥዋት እስከ ቀትር ትውላለች። ያቺን ጉርሻ ብትውጥልኝ ብዬ እዘፍናለሁ፣ እንደ ፍየል እጮኻለሁ፣ በእጅና በእግሬ እየዳህኩ ቤቱን እዞራለሁ። ትርንጎ ጉርሻዋን እንደያዘች በጥሞና ትመለከተኛለች። ትርኢቱ ያልቃል፤ ጉርሻው ግን እዚያው ጉንጯ ውስጥ ነው።

ከትርንጎ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን። ዓመት ሳይሞላው ኩፍኝ ወሰደብን። በዚያ ሰሞን ያደረግሁትን ሁሉ ስትሰሙ ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ግን ፈርቼ እንደነበር እወቁልኝ።

ፍርሃቴ የመለካት አባዜ አመጣብኝ። በየጥዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ልጅቷን ከበሩ መቃን ጋር አስደግፌ፣ አናቷ ላይ መጽሐፍ አጋድሜ፣ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ከሰዓት ስመለስ እደግመዋለሁ።

"አንተ ሰውዬ፣" ትለኛለች የሺ፣ "ከጥዋት እስከ ከሰዓት ምን እንድትሆንልህ ነው የምትጠብቀው?"

"ምናልባት የምታድገው ቀን ቀን ይሆናል።"

መቃኑ በእርሳስ ጭረት ጠቆረ። ጭረቶቹ ግን እላይ በላይ እየተደራረቡ አንድ ወፍራም መስመር ሆኑ እንጂ ወደ ላይ ንቅንቅ አላሉም።

ታናሽ ወንድሜ ታደለ በዚያን ጊዜ ቡልጋሪያ ግብርና ይማር ነበር። በደብዳቤ ብሶቴን ስነግረው ዝም አላለም። አንድ ቀን ከባሕር ዳር፣ በአንበሳሜ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ሾፌር በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ አቀበለኝ። ስፈታው አንድ ጎኑ የተጨረመተ ጣሳ ነው። ላዩ ላይ አንዲት ጉንጫም ሕፃን ትስቃለች፤ ዙሪያዋን የማላውቀው ፊደል ከብቧታል። ከጣሳው ጋር ደብዳቤ ነበረ። የሺን አስቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

"ወንድሜ ሆይ፣ ትርንጎ አልበላ አለች ስላልከኝ አሚኖ አሲድ ያለበት የልጆች ማጠናከሪያ ልኬልሃለሁ። በቀን አንድ ማንኪያ ከምግቧ ጋር ይሰጣት።"

እውነቱን ለመናገር ደብዳቤው "ሐኪም አማክረህ" የሚል ሐረግም ነበረበት። ዘለልኩት። የሳይንስ መምህር ባለበት ቤት ሐኪም ምን ሊያደርግ?

የሺ ፊቷ ተለዋወጠ። "ምን ያለበት አልክ?"

"አሚኖ አሲድ።"

"አሲድ?"

"አዎ፣ ግን ይኼ…"

"ያ የእትዬ ጠጄን አማች ሱሪ የበላው?"

እትዬ ጠጄ ጎረቤታችን ናቸው፤ አማቻቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የመኪናውን ባትሪ ተሸክሞ ሲወርድ አሲዱ ፈሰሰበትና አዲሱ ሱሪው ከጉልበቱ በላይ ወንፊት ሆነ። ሰውየው ኋላውን በጋቢ ሸፍኖ ከገበያ እስከ ቤቱ እንዴት እንደሮጠ ደብረ ታቦር ሙሉ ያውቃል። ለየሺ አሲድ ማለት ያ ሱሪ ነው።

"ይኼ ሌላ ነው እባክሽ፣" አልኳት። "አሲድ ሁሉ አንድ አይደለም። ሎሚም እኮ አሲድ አለው።"

"እንግዲያው ሎሚ ልስጣት።"

በሳይንስ ላሳምናት ብዬ ጣሳውን አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። ከፊደሎቹ መካከል በሒሳብ የማውቀውን ፓይ አገኘሁ። ደስ አለኝ። "አየሽ፣ እዚህ ጋ ፓይ ይላል፤ በልክ የተሠራ ነገር ነው ማለት ነው፣" አልኳት። የሺ ጣሳውን ከእጄ ወስዳ ከሁሉ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ነጠላዋን አደረገችና ወደ እትዬ ጠጄ ቤት ሄደች።

እትዬ ጠጄ ደግ ሴት ናቸው። ሰው ሲቸገር ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው ናቸው። ወሬም ሲገኝ እንደዚያው ቀድመው ያደርሳሉ። በማግስቱ ገበያ ነበር። ረፋዱ ላይ "መምህሩ ለልጁ አሲድ ሊሰጥ ነው" የተባለው፣ ቀትር ላይ "ሰጣት" ሆነ። ከእብናት እህል ጭነው የመጡት ነጋዴዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደግሞ ልጅቷን በርሜል ውስጥ እንደነከርኳት የሚል ወሬ ይዘው ሄዱ። እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ያወቅሁት የቀበሌው ጥበቃ ከክፍል ደጃፍ ቆሞ "መምህር፣ ይፈለጋሉ፤ ጣሳውንም ይዘው ይምጡ" ሲለኝ ነው።

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሦስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ሊቀመንበሩ አሉ፤ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተውታል። እትዬ ጠጄ በምስክርነት ተጠርተው አግዳሚው ጫፍ ላይ ናቸው።

"ጓድ መምህር፣" አሉ ሊቀመንበሩ፣ "ሕፃን ልጅ አሲድ እንደሚመግቡ ለቀበሌያችን ተጠቁሟል። አሲዱ ይኼ ነው?"

"አዎ ጓድ፤ ግን የሚጎዳ አይደለም።"

"ከየት አመጡት?"

"ከቡልጋሪያ ነው የመጣ።"

ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ሰው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን ከቅንድባቸው ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉት።

"ከወንድም ሶሻሊስት አገር?"

"አዎ ጓድ።"

ሊቀመንበሩ አግዳሚው ጫፍ ላይ ወደ ተቀመጡት ሴትዮ ዞሩ። "እትዬ፣ ወንድም ሶሻሊስት አገር የሕፃን መርዝ ትልካለች እያሉ ነው?"

እትዬ ጠጄ ብድግ አሉ። "ኧረ እኔ ምን በወጣኝ! አሲድ ነው ያለው መምህሬ ራሱ ነው። ቡልጋሪያ አሲድ አላለችኝም፤ ቡልጋሪያን የት አውቃት!"

ሊቀመንበሩ ተጨነቁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰውየው አሳዘኑኝ። ጣሳው ጎጂ ነው ቢሉ ወንድም አገር ይሰደባል፤ ጎጂ አይደለም ቢሉና ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ደሙ በእሳቸው ነው። ሦስቱ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ አንዱ አባል መውጫ ቀዳዳ አገኘ።

"ጓድ መምህር ራሳቸው ይቅመሱት።"

ማንኪያ መጣ። እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ቢሆን ትንሽ ቆንጥሮ በውኃ ይበጠብጥ ነበር። እኔ ግን ልቤ ሞልቷል፤ እትዬ ጠጄም እያዩኝ ነው። ማንኪያውን ከምሬ፣ ደረቁን፣ አንድ ጊዜ አፌ ውስጥ ገለበጥኩት።

ዱቄቱ ጉሮሮዬን ዘጋው። ልውጠው ብል አልወርድ አለኝ፣ ልተፋው ብል ወንድም አገርን መትፋት መስሎ ታየኝ። ትንፋሼ ሲያልቅ ግን ሳል ራሱ መጣ። እንዴት ያለ ሳል! ከአፌና ከአፍንጫዬ ነጭ ደመና ወጣ። ደመናው ረግቶ ሲያርፍ የሊቀመንበሩ ኮፍያ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የሦስቱም ሰዎች ጢም ከወፍጮ ቤት የወጣ መስሏል።

"መረረዎት?" አሉ ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

"አይ… ጓድ… ይጣፍጣል።"

ከዚያ ውሳኔ ተሰጠ። አንድ ሰዓት እንድቆይ፣ ከሞትኩ ጉዳዩ ለበላይ አካል እንዲመራ፣ ካልሞትኩ እንዲዘጋ። እነሱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ወደሚነጋገረው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ሲሻገሩ እኔ ጥግ ላይ ጣሳዬን ታቅፌ ሞቴን ጠበቅሁ። በመካከሉ ሊቀመንበሩ ቀና ይላሉ።

"ጓድ መምህር፣ እንዴት ነዎት?"

"ደህና ነኝ ጓድ።"

"ይመዝገብ።"

ሰዓቱ ሞላ፤ አልሞትኩም። ለሁለት ቀን ሆዴ ተነፍቶ ከመሰንበቱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ቤት ገብቼ ለየሺ በኩራት ነገርኳት። "ይኸው ከጣሳው አንድ ሙሉ ማንኪያ በልቼ ቆሜያለሁ። አሁንስ?"

ትንሽ አሰበች። "እሺ። እኔው በየጥዋቱ እሰጣታለሁ። አንተ ወደ ሥራህ ሂድ።"

እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቷ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። በስምንት ዓመት ትዳራችን የሺ በአንድ ቃል እሺ ብላኝ አታውቅም። ግን ያሸነፈ ሰው ብዙ አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ብቻ ለጥንቃቄ ያህል የዱቄቱ ልክ የደረሰበት ላይ በጣሳው ውስጥ በኩል ምልክት አደረግሁ። በየቀኑ ከፍቼ አያለሁ። ዱቄቱ በየቀኑ አንድ አንድ ማንኪያ ይጎድላል። ልቤ አረፈ።

ሁዳዴ ገባ። እኔና የሺ ጾምን፤ ትርንጎ ሕፃን ስለሆነች ጾም አይመለከታትም። እኔ ከማለዳ እስከ ከሰዓት ትምህርት ቤት ስለምውል ልጅቷ ምን እንደምትበላ የማውቀው ከጣሳው ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ተአምር ሆነ። እንደ ልማዴ መቃኑ ላይ አስደግፌ ስለካት መጽሐፉ ከወፍራሙ መስመር በላይ አረፈ። ዓይኔን አላመንኩም። ደግሜ ለካሁ። ሁለት ጣት! ልጅቷን ወደ ላይ ወረወርኳት፣ ቀለብኳት፤ ሳቅሁ፤ የሺንም አቀፍኳት። እሷ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። እኔ ግን ቤት የሚያስቀምጠኝ አላገኘሁም። መምህራን ክፍል ገብቼ ስለ አሚኖ አሲድ የአርባ ደቂቃ ገለጻ አደረግሁ። ማስረጃ ያለው ሰው እንዴት እንደሚናገር ታውቃላችሁ። የስፖርት መምህሩ ለእግር ኳስ ቡድኑ ሁለት ማንኪያ ለመነኝ። ዳይሬክተራችን፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ነው፣ ሰው ሲወጣ ጠብቀው "ለትልቅ ሰውም ይሠራል?" ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። ለወንድሜም የአራት ገጽ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ዕለት በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ስገባ አናቴ ከጉበኑ ጋር ተላተመ። በዚያ በር ስድስት ዓመት ስገባ ስወጣ አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም። እያሻሸሁ ቆሜ አሰብኩ። አንድ ማንኪያ ቀበሌ ላይ ከመዋጤ በቀር እኔ አሚኖ አሲድ አልወሰድኩም። ታዲያ እኔ ለምን አደግሁ?

"የሺ፣" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "ይኼ ወለል ምን ሆኗል?"

"አስደልድዬዋለሁ። ከጋፋት በኩል አፈር አምጥተውልኝ ሴቶቹ ረግጠው አበጁልኝ። ሦስት ቀን ሊሞላው እኮ ነው። እስከ ዛሬ አላየኸውም?"

ቢላዋ አምጥቼ መቃኑ ሥር ያለውን ወለል ፋቅሁ። ሁለት ጣት። እንቅጩን ሁለት ጣት። እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ትርንጎን አቁሜ ስለካት ከወፍራሙ መስመር በላይ የአንድ ጭረት ያህል ብቻ አልፋለች። የሺ ከልጅቷ ይልቅ ለወለሏ ጮኸች፤ ያን ያህል ተለፍቶበት በቢላዋ ሲፋቅ እሷ ብቻ ሳትሆን ማንም ይጮኻል። እኔ ጉድጓዱን በእጄ መልሼ እየደለደልኩ ያቺን የአንድ ጭረት ያህል ነገር አሰብኩ። አንድም ቢሆን ጭረት ነው አልኩ።

እውነትም ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተለወጠ መጣ። ትርንጎ ጉርሻ ጉንጯ ውስጥ ማቆየት ተወች። ጭራሽ ሳህኑን አንኳኩታ "ጨምሪልኝ" ማለት ጀመረች። እጇ ሥጋ ያዘ። ዶሮዎቻችንን እያሯሯጠች ግቢውን ትዞረዋለች። ዶሮዎቹ ራሳቸው እንዴት እንዳማረባቸው! ላባቸው አብረቀረቀ፤ አውራው እኔን እንኳ ይንቀኝ ጀመር፤ ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ መንገድ ዘግቶ ይቆማል። የአየሩ ጠባይ ተስማምቷቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። አንድ ቀን ትርንጎ አልጋ ላይ የተወረወረ ሱሪዬን ጎትታ አወረደች። ሁለቱንም እግሮቿን ሱሪው ውስጥ ከተተችና መታጠቂያውን ወደ እኔ ዘርግታ "አባ፣ ስቀለኝ!" አለች።

"ምን ላድርግሽ?"

"ስቀለኝ!"

አሲዱ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ አልኩ። የሺን ብጠይቃት ጀርባዋን ሰጥታኝ "ልጅ ምን የማይለው አለ" ብላ ወደ ማጀት ገባች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሰች መስሎኝ እኔም ዕንባዬ መጣ።

ፋሲካ አለፈ። ጣሳውም አለቀ። ልጅቷ ግን ማንም ሳይለካት በዓይን የምትታይ ሆናለች። ታዲያ ይህን የመሰለ ግኝት ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አግባብ አልመሰለኝም። ባዶውን ጣሳ በአንድ እጄ፣ ትርንጎን በሌላው ይዤ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ልሄድ ተነሣሁ። ሐኪሞቹ ይወቁት፣ ለሌሎችም ልጆች ይታዘዝ።

"ምን አደከመህ?" አለችኝ የሺ። "ሰዎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል።"

"ለሳይንስ ነው፣ የሺ።"

"ነገ ብትሄድስ?"

"ዛሬ።"

ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ።

ክሊኒኩ በረንዳ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሚዛን ተንጠልጥሏል። ከሚዛኑ ሥር ደግሞ ትንሽ የጨርቅ ሱሪ ተንጠልጥላለች፤ አንድ ሕፃን እግሮቹ በሱሪዋ ወጥተው አየር ላይ ይወዛወዛል። አጠገቡ ነርሷ ሲስተር ዘነበች ቆመዋል፤ ጸጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ራሴን ላስተዋውቅ ስል ትርንጎ እጄን ለቃ ሮጠች።

"ሲስተር! ስቀይኝ!"

"ትርንጎዬ! መጣሽልኝ?" አሉ ሲስተር ጉንጯን እየሳሙ። "ዛሬስ አባትሽንም ይዘሽ ነው የመጣሽ?"

እኔ ጣሳዬን እንደያዝኩ ደረቅሁ። የሺ መሬት መሬት እያየች ከነጠላዋ ቋጠሮ አንድ የታጠፈ ካርድ አወጣችና ለሲስተር ሰጠች። ሲስተር ልጅቷን መዝነው ካርዱን ዘረጉልኝ። ወደ ላይ የሚሄዱ መስመሮች ተሠርተውበታል። የመጀመሪያው ነጥብ ከመስመሮቹ ሁሉ በታች ነው። ቀጥሎ ያለው ትንሽ ከፍ ብሏል። ከዚያም ሌላ። አራተኛው መስመሩን ነክቶታል። ሲስተር የዛሬውን አምስተኛ ነጥብ ከመስመሩ በላይ አኖሩት።

"በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ሳታጓድል ነው ያመጣቻት፣" አሉኝ። "እንደ ሚስትዎ ያለች እናት ብዙ የለኝም።"

"ግን… አሲዱ…" ጣሳውን አሳየኋቸው።

ሲስተር ተቀብለው አገላበጡት። "ይኼን ነው? መጥፎ ነገር ላይሆን ይችላል። ምን እንደሚል ማንበብ ስለማልችል ግን ለሕፃን ይሰጥ አልልም። ስትጠይቀኝም ያልኳት ይኼንኑ ነው። ሰጥተሻታል እንዴ የሺ?"

"ኧረ የለም፣" አለች የሺ።

"የሺ!" አልኩ። "ጣሳው እኮ ባዶ ነው! በየቀኑ ሲጎድል አይቻለሁ!"

"ለዶሮዎቹ ነው የሰጠሁት።"

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እናቶች መጀመሪያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሺ ግን ከጀመረች አይቀር ብላ ቀጠለች።

"ምልክት አድርገህ እያየህ አስጨነቅኸኝ። እንዳልደፋው የተላከ ምግብ መድፋት ፈራሁ። መጀመሪያ ለአንዲቱ ዶሮ ብቻ በፉርሽካ ለውሼ ሰጠኋት። ሦስት ቀን አየኋት፤ አልሞተችም። ከዚያ ለሁሉም ሰጠኋቸው።"

ልብ በሉልኝ። እኔ የሳይንስ መምህሩ ማንኪያ ሙሉ ደረቅ ዱቄት ሰው ፊት ስውጥ፣ ለአንዷ ሰጥቶ ሌሎቹን አቆይቶ፣ ሦስት ቀን ጠብቆ ያየ ሰው የሺ ብቻ ናት።

"ዶሮዋ ካልሞተች ታዲያ ለምን ለልጅቷ አልሰጠሻትም?"

"ዶሮ እኮ ድንጋይ ትውጣለች!" አለች የሺ። "አሲድ ምኗ ነው? የእኔ ልጅ ድንጋይ አትውጥም።"

ከዚያ በኋላ ነጠላም አላስቻለ። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። አንዲቱ ሴትዮ ሳቋን ስትለቀው የያዘችው ሕፃን እንኳ ደንግጦ ማልቀሱን ተወ። ሲስተር ዘነበች ዕንባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ምንድን ነው የሚያስተምሩት?"

"ሳይንስ።"

"ሰውነት ገንቢ ምግቦች የትኞቹ ናቸው?"

እጄ ሳላዘው ከጎኔ ጋር ተጣበቀ። እንደ ተማሪ ቆሜ በቃሌ ወረድኩት። "ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ።" በየዓመቱ በሰሌዳ የምጽፈው፣ ያልያዘውን የማንበረክክበት ነው።

"ጎበዝ። አሚኖ አሲድ የሚባለው ከዚያ ውስጥ ነው ያለው፣" አሉኝ ሲስተር ቀስ ብለው፣ ሳቃቸውን ትተው። "ከባትሪ ጋር አይገናኝም። ምግቡ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ የሚገኝ፣ ሰውነት ራሱን የሚሠራበት ነገር ነው። ለልጅ ስንዴውና ገብሱ ብቻውን አይበቃም፤ ስንዴው የሚጎድለውን ባቄላውና ሽምብራው ይሞላዋል። የሺ ሁሉንም ቆልታ፣ በአንድ ላይ አስፈጭታ፣ ገንፎ ታደርግላታለች። በቀን አንድ ጉርሻ ሳይሆን ትንሽ ትንሹን አምስት ጊዜ ታበላታለች። እንቁላልም አለ። እርስዎ ሁዳዴ ስለነበር እንቁላሉን አላዩትም እንጂ ዶሮዎቻችሁ ጥሩ ጥለዋል።"

እንግዲህ የቡልጋሪያው ዱቄት ወደ ዶሮዎቹ፣ የዶሮዎቹ እንቁላል ወደ ትርንጎ ሄዷል ማለት ነው። ወንድሜ የላከው በከንቱ አልቀረም፤ ትንሽ ዞሮ ደረሰ እንጂ።

ወደ ቤት ስንመለስ ትርንጎን ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኳት። ከበደችኝ። እግዜር ይመስገን፣ ከበደችኝ! ከገበያው ሜዳ በላይ ያለችው ዳገት ላይ ስንደርስ ለማረፍ ቆምኩ። ልጄን ተሸክሜ ለማረፍ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው።

"ማን ነገረሽ ስለ ክሊኒኩ?" አልኳት የሺን።

"እትዬ ጠጄ። ቀበሌ ያስጠሩህ በእሳቸው አፍ መሆኑ ጸጸታቸው። በማግስቱ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ገንፎውንም የመጀመሪያ ቀን አብረውኝ ያገነፉት እሳቸው ናቸው።"

"እና አንቺ ለምን አልነገርሽኝም? ሁለት ወር ሙሉ!"

የልጅቷን ጫማ ክር አሰረችላት።

"ልነግርህ ነበር፣" አለች። "ያን ቀን መቃኑ ላይ ሁለት ጣት አደገች ብለህ ስትስቅ ልነግርህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አየሁህ። ልጃችን ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

አርባ ደቂቃ ስለ አሚኖ አሲድ የተናገረ አፍ አንድ ቃል አልወጣው አለ። እጇን ያዝኩ። በደብረ ታቦር መንገድ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚስቱን እጅ የሚይዝ መምህር ያኔ አይታይም፤ ሁለት አላፊዎች ዞረው አዩን። አልለቀቅኳትም።

በዚያው ቀን እትዬ ጠጄ ቤት ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ አመሰገንኩ። "ምን አድርጌ መምህሬ?" አሉኝ። "አውርተው፣" አልኳቸው። እግዜር አፍዎን አይዝጋብዎ ብዬ ወጣሁ። ለወንድሜም እውነቱን ጻፍኩለት። በመልሱ ዶሮዎቹ እንዴት እንደሆኑ በዝርዝር ጠየቀኝ፤ የሚማረው ግብርና ነውና ይህኛው ይበልጥ አስደስቶታል።

ከዚያ ወዲህ የምዘና ቀን ሲደርስ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ አብሬ መሄድ ጀመርኩ። አግዳሚው ላይ ከእናቶቹ መካከል ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ እየተሳሳቁ ቦታ ይለቁልኝ ነበር፤ ኋላ ለመዱኝና "መምህር፣ ጠጋ በል እስቲ" ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን የሺ ደጅ ከሰው ጋር ስታወራ ከአጠገቤ አንዲት እናት ተቀመጠች። ርቃ ከገጠር የመጣች ናት፤ እግሯ አቧራ ለብሷል። ጭኗ ላይ ያለው ልጅ እጁ ቀጥኖ፣ ጉንጩ ውስጥ ያልዋጣትን ጉርሻ ይዟል። ትርንጎ ሚዛኑ ላይ ተንጠልጥላ ስትስቅ ሴትዮዋ ብዙ ቆይታ አየቻት።

"ጌታዬ፣" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ይችን ምን አብልታችሁ ነው እንዲህ ያማረባት?"

አፌን ከፈትኩ። ፕሮቲን፣ አሚኖ አሲድ፣ ገንቢ ምግብ፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፎ መጣ። የልጁን ጉንጭ አየሁት፤ የሴትዮዋንም ዓይን። ከዚያ አፌን ዘጋሁና ተነሣሁ።

"አንድ ጊዜ ይቆዩኝ፣" አልኳት፣ "የሚያውቀውን ሰው ልጥራልዎት።" በረንዳውን ተሻግሬም "የሺ!" ብዬ ተጣራሁ።